ዳኛ ሁለተኛ ያደረጋትን ልጅ ሕዝብ እንዴት ዜሮ ይሰጣታል?

የከዚራ ልጅ | ድሬዳዋ | ግንቦት 10, 2017

ሰላም የድሬና የሐረር ሰዎች። ዛሬ ጠዋት ፋጢራ እየበላን ከሰፈር ልጆች ጋር ተከራክረን ተከራክረን አልተግባባንም። እዚህ ላምጣው ብዬ ነው።

ትናንት ማታ የዩሮቪዥን፣ የአውሮፓ አገሮች የዘፈን ውድድር፣ ፍጻሜ ነበር። የተላለፈው ከስዊዘርላንድ፣ ከባዝል ከተማ ነው። በእኛ ሰዓት ከምሽቱ 4 ጀምሮ ያለቀው ከሌሊቱ 8 ገደማ ነው። የግንቦትን ሙቀት ታውቁታላችሁ፣ ቤት ውስጥ አያስቀምጥም። ቴሌቪዥኑን በረንዳ ላይ አወጣነው፣ ግቢው ውስጥ ፍራሽ ዘረጋን፣ ስልኬን በገመድ አገናኘሁና ከዩቲዩብ ከፈትኩት። እናቴ ቡና አፈላች። ጎረቤቶች ሙሸበክ ይዘው መጡ። አሥራ አምስት ሰው ሳንሆን አንቀርም። ልጆቹ እስከ አሥረኛው ዘፈን ድረስ ቆዩና አንድ በአንድ እንቅልፍ ጣላቸው።

ጎረቤታችን አንድ የምድር ባቡር ጡረተኛ አባት አሉ። ፈረንሳይኛን የተማሩት ሥራ ላይ ነው፣ እስከ ዛሬ ጥርት አድርገው ይናገሩታል። የስዊዘርላንዷ ዞኤ ሜ መድረኩ ላይ ብቻዋን ሆና በፈረንሳይኛ መዝፈን ስትጀምር እጃቸውን አነሱና ግቢው ጸጥ አለ። ሲያልቅ «ሰው ለሰው ይራራ ነው የምትለው» አሉን። ትንሽ ቆይቶ የፈረንሳይዋ ሉዋን መጣች። በዙሪያዋ አሸዋ ይወርዳል። እኛ አፋችንን ከፍተን አሸዋውን ስናይ እሳቸው መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። «ለሞተች እናቷ ነው የምትዘፍነው። አሁን ደህና ነኝ፣ እኔም እናት ሆንኩ እያለቻት ነው» አሉ። እናቴ በእጇ የያዘችውን ስኒ ረከቦቱ ላይ መለሰችው። ከዚያ በኋላ ቡና ያነሳ ሰው አልነበረም።

በሌላው ዘፈን ሁሉ ግን ግቢው ለሁለት ተከፈለ። የኦስትሪያው ጄጄ በዚያች ትንሽ ጀልባ ላይ ሆኖ ያንን ቀጭን ድምጽ ሲያወጣ አጎቴ «ይሄ ሙሾ ነው እንጂ ዘፈን አይደለም» አለ። ታናሽ እህቴ ደግሞ ክንዷን አሳየችን፣ ጸጉሯ ቆሟል። የኢስቶኒያው የቡና ዘፈን ሲመጣ እናቴ ማኪያቶ የምትለዋን ቃል ብቻ ይዛ አብራ ዘፈነች። እኔም ወድጄው ነበር። አጎቴ አሁንም «ይሄ የልጆች ጨዋታ ነው» አለ።

ከዚያ ነጥቡ መጣ፣ የዳኞችና የተመልካች ተደምሮ ነው የሚቆጠረው። ዳኞቹ ዞኤን ሁለተኛ አደረጓት፣ 214 ነጥብ። ደስ አለን። ከዚያ የተመልካች ድምጽ ሲነበብ ዜሮ! በገዛ አገሯ፣ በገዛ ሕዝቧ ፊት። እህቴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ሽማግሌው ደግሞ ምንም ሳይናገሩ ከዘራቸውን ይዘው ተነሱ፣ አሸናፊውን እንኳ አላዩም። ያሸነፈው ጄጄ ነው፣ በ436 ነጥብ።

እስቲ የምታውቁ አስረዱኝ። ሙዚቃ አዋቂ የተባለው ሁሉ ሁለተኛ ያላትን ልጅ ያ ሁሉ ሕዝብ እንዴት አንድ ነጥብ ይነፍጋታል? የተሳሳተው ማነው? ለእኚህ ሰውዬ ነገ ምን ብዬ እንደምመልስላቸው ጨንቆኛል።

የሳቢያን ልጅ በስዊድን | ግንቦት 10, 2017

ወንድሜ፣ ጽሑፍህን ሳነብ የግቢያችሁ ሽታ መጣብኝ። ስዊድን ከመጣሁ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፣ እዚህ ይሄ ውድድር እንደ በዓል ነው የሚታየው። የዜሮውን ነገር ላስረዳህ፣ መጀመሪያ ሳይ እኔንም አናድዶኝ ነበር።

ዜሮ ማለት ማንም አልመረጣትም ማለት አይደለም። እያንዳንዱ አገር የራሱን ድምጽ ለብቻው ይቆጥራል። አንደኛ የወጣው 12፣ ሁለተኛው 10፣ ሦስተኛው 8 እያለ እስከ 1 ይወርዳል። ነጥብ የሚያገኙት አሥር ዘፈኖች ብቻ ናቸው። ፍጻሜ ላይ የነበሩት ደግሞ 26 ናቸው። እንግዲህ አስበው። ዞኤ በየአገሩ አሥራ አንደኛ ወጥታ ቢሆን ብዙ ሺህ ሰው ደውሎላት ዜሮ ታገኛለች። የራሷ አገር ሕዝብ ደግሞ ለራሱ መስጠት አይፈቀድለትም። አዳራሹ ሙሉ ሕዝቧ ነበር፣ አንዱም ግን ሊረዳት አይችልም። እንግሊዞቹም ያው ነው የደረሰባቸው፣ ከዳኛ 88፣ ከተመልካች ዜሮ።

ዳኛ ከራሱ አገር ዘፈን በቀር ሁሉንም ከላይ እስከ ታች በደረጃ ያስቀምጣል። ግዴታው ነው። ተመልካች ግን ስልኩን የሚያነሳው ነፍሱ ለወደደው ብቻ ነው። «ጥሩ ናት፣ አምስተኛ ትሁን» ብሎ ብሩን የሚያወጣ ሰው የለም። አንድ ሰው እስከ 20 ጊዜ ድምጽ መስጠት ይችላል። ስለዚህ ሁሉም ሰው በልኩ የሚወዳት ዘፋኝ ከዳኛ ብዙ ታገኛለች፣ ከሕዝብ ምንም ላታገኝ ትችላለች። ጥቂት ሰው በጣም ያበደላት ግን ከሕዝብ ትጠግባለች።

ይሄ ነገር ትናንት አልተጀመረም። በፈረንጆቹ 2023 ሊቨርፑል ላይ ሕዝቡ ለፊንላንዱ ካሪያ 376 ነጥብ ሰጠ፣ ለስዊድኗ ሎሪን 243። ዳኞቹ ግን ለሎሪን 340፣ ለእሱ 150። ዋንጫውን የወሰደችው ሎሪን ናት። የዚያን ቀን እኔ ሎሪንን ደግፌ ጨፈርኩ፣ የሥራ ባልደረባዬ ፊንላንዳዊ ለአንድ ሳምንት ሰላም አላለኝም። ዘንድሮ ደግሞ የእኛዎቹ፣ ያ የሳውና ዘፈን የዘፈኑት ሦስት ልጆች፣ ያሸንፋሉ ሲባል ከርመው አራተኛ ወጡ። አኩርፌአለሁ፣ እውነቴን ነው።

ለሽማግሌው ይሄን ንገራቸው። ልጅቷን ሕዝብ አልጠላትም። ለብዙ ሰው አሥራ አንደኛዋ ተወዳጅ ሳትሆን አልቀረችም።

ኪቦርድ ተጫዋች | ድሬዳዋ፣ መጋላ | ግንቦት 11, 2017

እኔ በአጎትህ ነገር ልጀምር፣ ይቅርታ ይደረግልኝ። ጄጄ ያደረገው ነገር ሙሾ አይደለም። ያ ልጅ የኦፔራ ሰው ነው፣ በቪየና ኦፔራ መድረክ ላይ ዘፍኗል። ወንድ ሆኖ በዚያ ከፍታ ላይ ድምጹን ሳያንቀጠቅጥ መያዝ የዓመታት ልምምድ ይፈልጋል። መጨረሻ ላይ ደግሞ ዘፈኑ ድንገት ወደ ቴክኖ ሲገለበጥ ያንኑ ድምጽ በዚያ ሁሉ ጩኸት ላይ አስቀመጠው። እኔ ሦስት ጊዜ መልሼ አየሁት።

በዚያ ውድድር ሙዚቃው የተቀረጸ ነው፣ ዋናው ድምጽ ግን ላይቭ መሆን አለበት። ፕሌይባክ የለም። ሦስት ደቂቃ ነው ያለህ። አንድ ትንፋሽ ካጠፋህ አብሮህ የሚዘፍን ባንድ ስለሌለ የሚሸፍንልህ የለም። ዳኛ የሚያየው ይሄን ነው።

አንድ ነገር ላጫውታችሁ። አምና በአንድ ትልቅ ሰርግ ላይ እየሠራን መብራት ጠፋ። ጄኔሬተር አለ ተብለን ነበር፣ አልተነሳም። ኪቦርዱ ሞተ፣ ስፒከሩ ሞተ፣ አዳራሹ ጨለመ። አብራን የምትሠራው ልጅ ግን አላቆመችም። ሴቶቹ በጭብጨባ ያዙላት፣ ሰው በስልኩ አበራላት፣ ያቺን ዘፈን እስከ መጨረሻው ዘፈነቻት። አምስት ዓመት ከእሷ ጋር ስሠራ ድምጿን በደንብ የሰማሁት የዚያን ቀን ነው። እስከዚያ ድረስ የራሴን ኪቦርድ ነበር የምሰማው።

እዚህ ላይ ግን ሕዝቡንም አትንኩብኝ። እኔ የምኖረው በሕዝብ ድምጽ ነው። በድሬ ሰርግ በአንድ ማታ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛ፣ ሐረሪ፣ አማርኛ ትጫወታለህ፣ አረብኛም ይጨመራል። ቋንቋውን የማያውቀው ሰው ሁሉ ይነሳል። እኔ በጣም የምኮራበት፣ በአምባሰል ቅኝት የሠራሁት አንድ ዜማ አለ። ሙዚቀኞች ሲሰሙት ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ሰርግ ላይ ስጫወተው ግን ሰው ተነስቶ ምግብ ያነሳል። ታዲያ ሰዉ ሞኝ ነው? አይደለም። ሰርግ የመጣው ሊጨፍር ነው። ቅዳሜ ማታ ቤቱ የተቀመጠው አውሮፓዊም ያው ነው። እናትህ ማኪያቶ ብላ ስትዘፍን ትክክል ናት። ሽማግሌውም ዓይናቸውን ሲጠርጉ ትክክል ናቸው። የሳቢያኑ ልጅ እንዳለው ሁለት የተለያየ ጥያቄ ነው የተጠየቀው፣ መልሱ ለምን አንድ ይሆናል?

ከጁገል | ሐረር | ግንቦት 13, 2017

ሁላችሁም ዜሮዋን ብቻ ይዛችሁ ትከራከራላችሁ። እኔን ያንገበገበኝ 297ቱ ነው።

የእስራኤሏ ዘፋኝ ከዳኞች 60 ነጥብ አገኘች፣ ከተመልካች 297፣ ከሁሉም በላይ። ሁለተኛ ወጣች። ጋዛ ውስጥ ሰው እያለቀ ይሄ የዘፈን ድምጽ ነው ብላችሁ ታምናላችሁ? ሩሲያ ዩክሬንን ስትወር በ2022 ከውድድሩ ተባረረች። ታዲያ ደንቡ ለአንዱ ሲሆን ይሠራል፣ ለሌላው ሲሆን አይሠራም? አንድ ሰው 20 ጊዜ መምረጥ ከቻለ ደግሞ ዘፈን ሳይሆን ዘመቻ ያለው ያሸንፋል። የስፔንና የቤልጂየም ቴሌቪዥኖችም ድምጹ ይመርመር ብለዋል፣ እኔ ብቻ አይደለሁም።

እህቶቼ ሲያዩ እኔ ክፍል ገብቼ ተኛሁ። ከሰው ጋር መጣላት ፈልጌ አይደለም፣ ልቤ እሺ ስላላለኝ ነው። የፈረንሳይዋን ዘፈን ግን በነጋታው ታናሼ አሰማችኝ። የእኔም እናት የለችም። ከዚህ በላይ አልልም።

የከዚራ ልጅ | ግንቦት 13, 2017

እህቴ፣ ነፍስ ይማር። የተናገርሽው እኛ ግቢም ተነስቶ ነበር፣ ሰው ሁሉ አንድ ሐሳብ አልነበረውም። አንዷ ጎረቤታችን «ልጅቷ ራሷ እኮ ከመስከረም 26ቱ የሐማስ ጥቃት ከሙዚቃ በዓሉ ቦታ የተረፈች ናት፣ ለእሷም ማዘን ይገባል» አለች። ሌላው ተነስቶ አንቺ ያልሽውን አለ። ድምጽ ከፍ ከፍ ማለት ሲጀምር እናቴ ሁለተኛውን ቡና አቀረበች። አልተስማሙም፣ ግን አብረው ተቀምጠው ጨረሱት።

አንድ ነገር ግን እቀበልሻለሁ። ያ 20 ድምጽ ብዙ ነው። አንድ ሰው አንድ ድምጽ ቢሆን እኔ እመርጣለሁ።

ደቻቱ ማዶ | ድሬዳዋ | ግንቦት 14, 2017

አቦ ሰላም ለሁላችሁ። ይሄን ውድድር ከልጅነቴ ጀምሮ ነው የምከታተለው፣ ሰፈር ውስጥ የሚያወራኝ ሰው ስላልነበረ ይሄን ሳይ በጣም ደስ አለኝ።

አማርኛ እዚያ መድረክ ላይ ሊደርስ አንድ ሐሙስ ቀርቶት እንደነበር ስንቶቻችሁ ታውቃላችሁ? በ2020 እስራኤልን ወክላ እንድትሄድ የተመረጠችው ኤደን አለነ ነበረች፣ ከኢትዮጵያውያን ቤተሰብ ኢየሩሳሌም የተወለደች ልጅ። የዘፈኗ ስም «ፍቅር ልቤ» ነው። ውስጡ አማርኛ አለ፣ እንግሊዝኛ፣ ዕብራይስጥ፣ አረብኛም አለ። ወላሂ ያንን ዘፈን መጀመሪያ ስሰማ ስልኩን ጆሮዬ ላይ አስጠግቼ ነው የደጋገምኩት። ከዚያ ኮሮና መጣ። በውድድሩ ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ የዚያን ዓመቱ ተሰረዘ። በ2021 ሮተርዳም ላይ ቀረበች፣ ግን ደንቡ አዲስ ዘፈን ስለሚል በሌላ የእንግሊዝኛ ዘፈን ነው፣ 17ኛ ወጣች። በዚያው ማታ ሳን ማሪኖን ወክላ የዘፈነችው ሴንሂት ደግሞ ወላጆቿ ኤርትራውያን ናቸው፣ ጣሊያን ቦሎኛ የተወለደች። ሁለቱም በአንድ መድረክ! እኔ ለሁለቱም እየጮህኩ እናቴ ምን ሆነህ ነው ብላ ከእንቅልፏ ተነሳች።

ከአፍሪካ አገር ሆና በቀጥታ የተወዳደረችው እስካሁን ሞሮኮ ብቻ ናት፣ በ1980፣ አንድ ጊዜ። ሳሚራ ቢንሰኢድ በአረብኛ ዘፈነች፣ 7 ነጥብ አገኘች፣ አገሪቱ ተመልሳ አልሄደችም። ያ 7 ነጥብ ሁሉም ከጣሊያን የመጣ ነው። ሳሚራ ግን በአረቡ ዓለም ትልቅ ዘፋኝ ሆነች። ስለዚህ ለዞኤ አታልቅሱላት፣ ነጥብ የሰው ሕይወት አይደለም።

የቋንቋውን ነገር ደግሞ ልጨምር። እስከ 1999 ድረስ ለብዙ ዓመት ደንቡ በራስህ አገር ቋንቋ ዝፈን ይል ነበር። ደንቡ ሲነሳ ብዙው ወደ እንግሊዝኛ ሮጠ። አሁን ግን እየተመለሰ ነው። ጣሊያን በ2021 በጣሊያንኛ አሸነፈች፣ ዩክሬን በ2022 በዩክሬንኛ። ዘንድሮ የስዊድኖቹ የሳውና ዘፈን በስዊድንኛ ነበር። ሰው የማይገባውን ቋንቋ አይወድም የሚል ካለ ድሬ ይምጣ። አሊ ቢራ በኦሮምኛ፣ በሐረሪ፣ በሶማሊኛ፣ በአማርኛ ሲዘፍን የትኛው ቤት ነው ካሴቱን ያላስገባው? እኔ ቤት አንዲት የኦሮምኛ ቃል የማያውቁት አያቴ ከላይ እስከ ታች ይዘፍኑት ነበር። ትርጉሙን የጠየቁት ከስንት ዓመት በኋላ ነው፣ ሲነገራቸውም «ታውቆኝ ነበር» አሉ።

የለገሃር ሰው | ድሬዳዋ | ግንቦት 15, 2017

ሐሳቤን በግልጽ ልናገር፣ ማንንም ለማስቀየም አይደለም። የሰው አገር ውድድር ላይ ዓይናችሁን እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት አፍጥጣችሁ ስትከራከሩ የእኛ ልጆች ዘፈን ማን ያያል? በዚህ ከተማ ስንት ድምጽ ያለው ልጅ ስቱዲዮ የሚገባበት ገንዘብ አጥቶ ባጃጅ እየነዳ ነው። እኔ አንዱን አውቀዋለሁ። ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ የሚወስደኝ ልጅ ነው። እየነዳ ሲያንጎራጉር ከመውረዴ በፊት አንድ ዙር ጨምርልኝ የምለው ጊዜ አለ። እነዚያ 37 አገሮች ለልጆቻቸው መድረክ ሠርተው ነው። ባላገሩ አይዶልን በጉጉት ያየነው ለምን ነበር? የራሳችን ሰው ስለነበረ ነው። አጎትህ የተናደደው ዘፈኑ ስላልገባው አይመስለኝም፣ የራሱን ነገር ስላጣበት ይመስለኛል።

ኪቦርድ ተጫዋች | ግንቦት 15, 2017

ወንድሜ፣ በዚህ አልከራከርህም። የባጃጁን ልጅ ወደ መጋላ ይዘኸው ና፣ ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ እንለማመዳለን። የስቱዲዮ ገንዘብ የለኝም፣ ማይክ ግን አለኝ።

ከጁገል | ሐረር | መስከረም 13, 2018

ይሄን ክርክር ከአራት ወር በኋላ ልቀስቅሰው። መስከረም 10 ሞስኮ ላይ የተካሄደውን ኢንተርቪዥን የሚባል የዘፈን ውድድር ያያችሁ አላችሁ? ኢትዮጵያ ነበረችበት! የሞስኮ ሰዓት ከእኛ ጋር አንድ ስለሆነ እንቅልፍ ማጣትም አልነበረም። ቤተሰቡ በሙሉ ተሰበሰበ፣ በዚህኛው ቀን ክፍል የገባ ሰው የለም።

ፖለቲካ እንዳለበት አውቃለሁ። ሩሲያ ከዩሮቪዥን ከወጣች በኋላ ያዘጋጀችው ነው፣ ያንን አልደብቅም፣ እኔም ባለፈው የተናገርኩትን አልረሳሁም። ግን የአገራችን ስም ሲጠራ ሆዴ ባባ። ኬንያ፣ ደቡብ አፍሪካ፣ ግብፅ፣ ማዳጋስካርም ነበሩ። ያሸነፈው የቬትናሙ ዘፋኝ ነው፣ ከአገሩ የቆየ አፈ ታሪክ ይዞ መጣ። እናንተን ያስታወሰኝ ግን እዚያ የተመልካች ድምጽ አለመኖሩ ነው። የሚፈርዱት ዳኞች ብቻ ናቸው። ባለፈው ሕዝብ ድምጹን ባይሰጥ ይሻላል ብዬ አስቤ ነበር። ይሄን ሳይ ግን እኔም መምረጥ አማረኝ። ስልኬን ይዤ ተቀምጬ ምንም ማድረግ ስላልቻልኩ ተበሳጨሁ። ታናሼ «ዞኤን የነፈጋት ሰውዬም እንዲህ ስልኩን ይዞ ነበር» አለችኝ።

የሳቢያን ልጅ በስዊድን | ኅዳር 15, 2018

ለከዚራ ልጅና ለሐረሯ እህታችን ዜና ይዤ ነው የመጣሁት። የዩሮቪዥን አዘጋጆች ደንቡን ቀየሩ። ከመጪው ውድድር ጀምሮ አንድ ሰው የሚሰጠው ድምጽ ከ20 ወደ 10 ወርዷል። የየአገሩ ዳኞች ከ5 ወደ 7 ከፍ ብለዋል፣ በግማሽ ፍጻሜም ዳኞች ተመልሰዋል። መንግሥት የሚያካሂደው የድምጽ ዘመቻ ላይም እንጠብቃለን ብለዋል። አንድ ሰው አንድ ድምጽ አልሆነም፣ ግን የተናገራችሁት እዚያም ተሰምቶ ነበር ማለት ነው።

የከዚራ ልጅ | ታኅሣሥ 5, 2018

በሳቢያኑ ልጅ ላይ የምጨምረው ዜና ደስ አይልም። አየርላንድ፣ ስፔን፣ ኔዘርላንድስ፣ ስሎቬኒያና አይስላንድ እስራኤል ካለች አንመጣም ብለዋል። አየርላንድ ማለት እኮ ሰባት ጊዜ ያሸነፈች ናት፣ ያን ያህል ያሸነፈች ሌላ አገር ስዊድን ብቻ ናት። ከጁገል፣ ያንቺን ጥያቄ አገሮቹ ራሳቸው እየጠየቁት ነው። መልሱን አላገኙትም፣ እኔም አላገኘሁትም።

ለሽማግሌው የዜሮውን ሒሳብ ያኔውኑ ነገርኳቸው። በከዘራቸው መሬት ላይ ከ1 እስከ 26 መስመር አሰመሩና አሥረኛው ላይ ቆረጡት። ከዚያ አሥራ አንደኛውን መስመር ዝም ብለው አዩት። «ትንሽ ነው የቀራት እንዴ?» አሉ። ምን ያህል እንደቀራት እኔም እንደማላውቅ ነገርኳቸው፣ ግን ደስ አላቸው። አሁን በየሳምንቱ አርብ ከአስር ሰዓት በኋላ ይመጣሉ። ያንን የእናት ዘፈን እከፍትላቸዋለሁ፣ እሳቸው ደግሞ ለእናቴ ቃል በቃል በአማርኛ ይነግሯታል። ባለፈው አጎቴ ከኋላ ቆሞ ሲሰማ አየሁት። ምንም አላለም፣ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

የባጃጁ ልጅ ከኪቦርድ ተጫዋቹ ጋር ሁለት ሰርግ ሠርቷል፣ የለገሃሩን ሰው አመስግኑልኝ።

የሚቀጥለው ፍጻሜ ቪየና ነው፣ ግንቦት 8, ቅዳሜ። ድሬ ያላችሁ ኑ፣ ከሐረር የምትመጡም ማደሪያ አለ። ፍራሽ አይበቃንም፣ የራሳችሁን ያዙ። ሽማግሌው በፈረንሳይኛ የሚዘፈነውን ሁሉ ሊተረጉሙልን ቃል ገብተዋል፣ በጀርመንኛ የሚችል ካለም ይምጣ።